ቢኤምኤስ ምንድን ነው? ያረጀ የላፕቶፕ ባትሪ ከመክፈታችሁ በፊት

የላፕቶፕ ባትሪ ሞተ ሲባል ውስጡ ያለው ሁሉ ያለቀለት ይመስለናል። ብዙ ጊዜ ግን ቀድሞ የደከመው አንድ ጥንድ ሴል (ባትሪው ውስጥ ከተደረደሩት ትንንሽ ባትሪዎች) ብቻ ነው። «በቃ» ብሎ የሚወስነው ደግሞ ሴሉ ሳይሆን ከጎኑ ያለች ትንሽ ቦርድ ናት። ቢኤምኤስ (ባትሪ ማኔጅመንት ሲስተም፣ የባትሪ መቆጣጠሪያ) የሚሏት እሷን ነው።

ባትሪያቸው የሚነቀል የድሮ ላፕቶፖች በብዛት የሚጠቀሙት 18650 የሚባለውን ሴል ነው። ቁጥሩ መጠኑን ይናገራል፤ 18 ሚሊሜትር ውፍረት፣ 65 ሚሊሜትር ርዝመት። የአንዱ ቮልቴጅ 3.6 ወይም 3.7 ሲሆን፣ ሲሞላ 4.2 ይደርሳል። ባለ ስድስት ሴል ባትሪ ውስጥ በብዛት ሦስት ጥንዶች በተከታታይ ይያያዛሉ። ጀርባው ላይ 10.8 ወይም 11.1 ቮልት የሚጻፈው ለዚህ ነው።

ቦርዷ የእያንዳንዱን ጥንድ ቮልቴጅ ለየብቻ ትለካለች። የሚገባውንና የሚወጣውን ከረንት ትቆጥራለች፣ ሙቀቱንም ትከታተላለች። አንዱ ጥንድ ከልክ በላይ ከወረደ፣ ሌሎቹ ገና ቻርጅ ቢኖራቸውም መስመሩን ትቆርጣለች። ደግሞም ልክ ናት። ከመጠን በላይ የተሞላ የሊቲየም ሴል ሊቃጠል ይችላል። ከመጠን በላይ የወረደም ውስጡ ያለው መዳብ ይሟሟና፣ መልሶ ሲሞላ ውስጥ ለውስጥ ሾርት ሊያደርግ ይችላል።

ሴል ቀይረው ባትሪው አልነሳ ያላቸው ሰዎች ብዙ ጊዜ የዘነጉት ግን ሌላ ነገር ነው። ቦርዷ መዝገብ አላት። ባትሪው ስንት ጊዜ ተሞልቶ እንደወረደ፣ አሁን ምን ያህል እንደሚይዝ ቺፗ ላይ ተጽፏል። ከባድ ችግር ካየች ቋሚ የብልሽት ምልክት ታስቀምጣለች፤ አንዳንዷ ፊውዟን ራሷ ታቃጥላለች። ከዚያ በኋላ ምርጥ ሴል ቢገጠምላትም የምታምነው መዝገቧን ነው። ምልክቱን ለማንሳት ከቺፑ ጋር የሚነጋገር መሣሪያና ሶፍትዌር ይፈልጋል፣ ብዙ ጊዜም የይለፍ ቃል። አንዳንድ ቦርድ ደግሞ ሴሉ ሲነቀል ኃይል ስለሚቋረጥበት ብቻ ይቆለፋል። ስለዚህ ልምድ ያላቸው ባለሙያዎች የድሮውን ሴል ከመንቀላቸው በፊት ቦርዷን ከሌላ ምንጭ ኃይል ይሰጧታል።

ቦርዷ ከሁሉም አደጋ አታድንም። በ2006 (እ.ኤ.አ.) ዴል ሶኒ የሠራቸው ሴሎች ያሉባቸውን 4.1 ሚሊዮን ያህል ባትሪዎች መልሶ ሰብስቧል። ሴል ውስጥ የሚፈጠርን ሾርት ከውጭ ያለ ቦርድ መቁረጥ አይችልም። ስለዚህ ከየቦታው የተለቃቀመ ሴል አትቀላቅሉ። ስድስቱም አንድ ዓይነት፣ አንድ አቅም ያላቸው፣ ከመገጠማቸው በፊትም ቮልቴጃቸው እኩል የሆነ ይሁኑ። 2 ቮልት እንኳ የማይሞላውን ለማንሳት አትድከሙ፤ ይወገድ።

ስትከፍቱም ብረት አትጠቀሙ። የ18650 አካሉ በሙሉ ኔጌቲቭ ነው፤ ከፖዘቲቩ የሚለየው ጫፉ ላይ ያለ ቀጭን ፕላስቲክ ነው። እሱ ከተቀደደ ሾርት ነው። ሴሎቹን የሚያያይዘው ኒኬል በስፖት ዌልደር ይበየዳል እንጂ ሶልደር አይደረግም፤ ሙቀቱ ሴሉን ይጎዳል። በአዳዲሶቹ ላፕቶፖች ያለውን ጠፍጣፋና ለስላሳ ባትሪ ግን ቤት ውስጥ ባትነኩት እመርጣለሁ።

ሁሉም ተሳክቶ ላፕቶፑ ሲነሳ ፐርሰንቱ መጀመሪያ ላይ የተሳሳተ ሊሆን ይችላል። መዝገቡ ገና የድሮውን አቅም ነው የያዘው። አንዴ ሙሉ ሞልታችሁ፣ ላፕቶፑ ራሱ እስኪዘጋ ተጠቅማችሁ፣ መልሳችሁ ሙሉት። ብዙዎቹ ቺፖች አዲሱን አቅም የሚማሩት እንዲህ ነው።