ለቪዛ የገዛነው ኢንሹራንስ የመርከብ ሽርሽሩ ቢሰረዝ ገንዘባችንን ይመልሳል?

እዚህ ለገጣፎ ልጆቻቸው ወደ አውሮፓ የሚጋብዟቸው ወላጆች ይህን ጥያቄ ደጋግመው ያነሡታል። ከእድር ስብሰባ በኋላ አንዲት እናት ከቦርሳቸው አውጥተው የሰጡኝን ወረቀት ሳነበው፣ «ሕክምና» የሚል እንጂ «ስረዛ» የሚል ቃል አልነበረበትም።

ለሸንገን ቪዛ (ለበርካታ የአውሮፓ አገሮች በጋራ ለሚያገለግለው) ግዴታ የሆነው ኢንሹራንስ ቢያንስ የ30,000 ዩሮ ሽፋን ያለው ሲሆን፣ ግዴታው የሚመለከተው በጉዞ ላይ የሚያጋጥምን ድንገተኛ ሕክምና፣ ታማሚን ወደ አገር መመለስንና ሞትን ነው። ከመነሻ በፊት ጉዞን መሰረዝ በዚህ ውስጥ የለም፤ የስረዛ ሽፋን ለብቻው በውሉ መጻፍ አለበት።

ሽፋኑ ቢኖርም በተለመደው ውል የሚከፈለው ለተዘረዘሩ ምክንያቶች ብቻ ነው፤ ሐሳብን መቀየር ከነዚያ ውስጥ አይገባም። ለምሳሌ 1,000 ዩሮ የከፈሉ አባት ስኳራቸው ተነሥቶ ጉዞውን ቢሰርዙና የመርከቡ ድርጅት 200 ቢመልስላቸው፣ ከኢንሹራንሱ ሊጠይቁ የሚችሉት የቀረውን 800 ነው፤ ያንንም ቢሆን ነባር ሕመማቸውን አስቀድመው ካላሳወቁ ሊከለከሉ ይችላሉ። ብዙ ሰው ሲጎዳ የማየው በዚህ ነውና፣ እባካችሁ የወላጆቻችሁን ሕመም አትደብቁ።

የቪዛ መከልከል መሸፈኑ፣ ከካሳው ላይ የሚቀነሰው የራስ ድርሻና የማሳወቂያው ጊዜ ግን ከውል ውል ይለያያል። መነሻው በቀረበ ቁጥር የመርከብ ድርጅቶች የሚቆርጡት ቅጣት ስለሚጨምር፣ መሄድ እንደማይቻል ሐኪም በጽሑፍ ባረጋገጠበት ቀን ለመርከቡ ድርጅትም ለኢንሹራንሱም ማሳወቅ ይገባል።