ፕራይሜቶች፦ ከጥንት የዛፍ ላይ እንስሳት እስከ ሰው

ጦጣ፣ ዝንጀሮ፣ ጉሬዛ፣ ሌሙር፣ ጎሪላ፣ ቺምፓንዚና ሰው ሁሉም በአንድ የእንስሳት ምድብ ይጠቃለላሉ። ምድቡ ፕራይሜት ይባላል። ስሙን ያወጣለት ስዊድናዊው ካርል ሊኒየስ ሲሆን ጊዜው 1758 ነበር (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ዛሬ በሕይወት ያሉት ዝርያዎች ወደ 500 ይጠጋሉ። ዓይኖቻቸው ወደ ፊት ያያሉ። እጃቸው መጨበጥ ይችላል። አንጎላቸው ከሰውነታቸው ጋር ሲነጻጸር ተለቅ ይላል፤ ልጆቻቸውም ቀስ ብለው ያድጋሉ።

አንድ ነገር ከመነሻው ይጥራ። «ሰው ከዝንጀሮ መጣ» የሚለው አባባል ሳይንሱ የሚለውን በትክክል አይገልጽም። ሳይንሱ የሚለው ሰውና ዝንጀሮ ከብዙ ሚሊዮን ዓመታት በፊት የጋራ ቅድመ አያት ነበራቸው ነው። ዛሬ ገደል ላይ የምናየው ዝንጀሮ የማንም አያት አይደለም። እሱም እንደ እኛው የራሱን መንገድ ተጉዞ እዚህ ደርሷል።

የመጀመሪያዎቹ

ዳይኖሰሮች ከ66 ሚሊዮን ዓመት በፊት ከጠፉ በኋላ ብዙም ሳይቆይ፣ በሰሜን አሜሪካ ፑርጋቶሪየስ የተባለ ትንሽ እንስሳ ይኖር ነበር። የፕራይሜቶች ዘመድ መሆን አለመሆኑ እስከ ዛሬ ያከራክራል። ጥርጥር የሌለባቸው ፕራይሜቶች ብቅ የሚሉት ግን ከ56 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ፣ ምድር እጅግ በሞቀችበት ወቅት ነው። በቻይና የተገኘው አርኪሴበስ 55 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረ ሲሆን፣ በመዳፍ የሚያዝ ትንሽ ፍጥረት ነበር።

ሌሙሮች ማዳጋስካር የደረሱት ደሴቲቱ ከአፍሪካ ከተለየች ከረጅም ጊዜ በኋላ ነው። በጎርፍ ተገንጥሎ በተንሳፈፈ የዕፅዋት ክምር ላይ ሆነው ባሕር ሳይሻገሩ አልቀሩም። የደቡብ አሜሪካ ጦጣዎችም አትላንቲክን በዚሁ መንገድ እንዳቋረጡ ይታመናል። ለማመን ይከብዳል፤ የተሻለ ማብራሪያ ግን እስካሁን አልቀረበም።

በግብፅ የፋዩም በረሃ የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የኖረ ኢጂፕቶፒቴከስ የተባለ እንስሳ ተገኝቷል። የአፍሪካና የእስያ ዝንጀሮዎችም ሆኑ ጭራ የሌላቸው ዘመዶቻቸው (እንደ ጎሪላ፣ ቺምፓንዚና ሰው ያሉት) ለዚህ እንስሳ ቅርብ ከሆነ ዘር እንደወጡ ይገመታል። ሁለቱ ቅርንጫፎች ከ25 ሚሊዮን ዓመት በፊት ተለያይተው እንደነበር በታንዛኒያ የተገኙ ቅሪተ አካላት ያሳያሉ። ጭራው የጠፋውም በዚያው ዘመን አካባቢ ይመስላል። በ2024 የታተመ ጥናት ለዚህ ምክንያቱ በአንድ ጂን ውስጥ የገባ አጭር የዲኤንኤ ቁራጭ እንደሆነ አመልክቷል።

ከዚያ ወዲህ ጭራ አልባዎቹ በምሥራቅ አፍሪካ በዙ፤ ወደ አውሮፓና እስያም ተዛመቱ። ከእስያዎቹ አንዱ፣ የቻይናው ጃይጋንቶፒቴከስ፣ እስከዛሬ ከሚታወቁት ፕራይሜቶች ሁሉ ግዙፉ ነው። ከ200 ሺህ ዓመት በፊት ጠፍቷል።

ከጮሮራ እስከ ኦሞ

ያለፉት 10 ሚሊዮን ዓመታት ታሪክ በብዛት የሚነበበው ከምሥራቅ አፍሪካ ስምጥ ሸለቆ ነው። የኢትዮጵያ ድርሻ ደግሞ ወደር የለውም። እሳተ ገሞራ በየዘመኑ የረጨው አመድ በደለል መካከል ተነጥፎ ይገኛል። አመዱ ዕድሜው ስለሚለካ በሥሩና በላዩ ያለው አጥንት ዘመንም ይታወቃል።

በአፋር ስምጥ ሸለቆ ደቡባዊ ጫፍ፣ ጮሮራ በተባለ ቦታ፣ የኢትዮጵያና የጃፓን ተመራማሪዎች ዘጠኝ ጥርሶች አግኝተው በ2007 ይፋ አደረጉ። የጥርሶቹ ባለቤት የሆነው እንስሳ ጮሮራፒቴከስ አቢሲኒከስ ተባለ። ዕድሜው መጀመሪያ ከ10 ሚሊዮን ዓመት በላይ ተብሎ ነበር፤ በ2016 ወደ 8 ሚሊዮን ተስተካከለ። ጥርሶቹ የጎሪላን ስለሚመስሉ የጎሪላ ዘር ጅማሬ እዚሁ እንደነበር ያመለክታሉ። ያልተቀበሉት ምሁራን አሉ። ቢሆንም የጎሪላም ሆነ የቺምፓንዚ ቅሪተ አካል ከምንም በላይ ብርቅ ነው። የመጀመሪያው የታወቀ የቺምፓንዚ ቅሪት፣ ጥቂት የኬንያ ጥርሶች፣ የታተመው ገና በ2005 ነው። ስለዚህ የጮሮራ ጥርሶች ትልቅ ክብደት አላቸው።

የሰው ዘር ከቺምፓንዚ ዘር የተለየው ከ6 እስከ 8 ሚሊዮን ዓመት በፊት ባለው ጊዜ ውስጥ ሳይሆን አይቀርም። የቻዱ ሳሄላንትሮፐስ 7 ሚሊዮን ዓመት ይሆነዋል፤ በሁለት እግሩ ይሄድ ነበር ወይ የሚለው ግን አሁንም ብዙ ያነጋግራል። በመካከለኛው አዋሽ ዶ/ር ዮሐንስ ኃይለሥላሴ ያገኙት አርዲፒቴከስ ካዳባ ከ5.2 እስከ 5.8 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረ ነው።

ቀጥላ የምትመጣው አርዲ ናት። 4.4 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያላት ይህች አፅም አራሚስ ላይ መገኘት የጀመረችው በ1994 ሲሆን፣ የተሟላ ጥናቷ የወጣው በ2009 ነው። አጥንቶቿ ሲነኩ የሚፈረፍሩ ስለነበሩ 15 ዓመት የፈጀ ትዕግሥት ጠይቀዋል። መሬት ላይ ቀጥ ብላ ትሄዳለች፤ የእግሯ አውራ ጣት ግን ቅርንጫፍ ይጨብጣል። አብረዋት ብዙ የጉሬዛ ዘመዶች አጥንቶች መገኘታቸው አካባቢው ያኔ ደን እንደነበረው ያስረዳል። ሰው ቆሞ መሄድ የጀመረው ዛፉ ጠፍቶ ሜዳ ላይ ስለቀረ ነው የሚለው የቆየ ሐሳብ በዚህ ክፉኛ ተናግቷል።

ድንቅነሽን የማያውቅ የለም። ኖቬምበር 24 ቀን 1974 አፋር ውስጥ ሐዳር ላይ ዶናልድ ጆሃንሰን አገኛት። 3.2 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ አላት፤ ከአፅሟም 40 በመቶ ያህሉ ተገኝቷል። በ2000 ደግሞ የዶ/ር ዘረሰናይ ዓለምሰገድ ቡድን ዲኪካ ላይ ሰላምን አገኘ። ሰላም ስትሞት ሦስት ዓመት ገደማ የሆናት ሕፃን ነበረች፤ ከድንቅነሽ በ100 ሺህ ዓመት ያህል ትቀድማለች። በ2013 አፋር ውስጥ ሌዲ ገራሩ ላይ ቻላቸው ስዩም ያገኘው 2.8 ሚሊዮን ዓመት የሆነው መንጋጋ እስካሁን ከታወቁት የሆሞ ወገን (እኛ የምንመደብበት ወገን) ቅሪቶች ጥንታዊው ነው።

ዘመናዊ ሰውን በተመለከተ በሞሮኮ ጀበል ኢርሁድ የተገኘው ቅሪት 300 ሺህ ዓመት ይባላል፤ የራስ ቅሉ ግን ገና የጥንቱን ረዘም ያለ ቅርጽ አልለቀቀም። ሙሉ በሙሉ እኛን የሚመስለው የኦሞ ቅሪት በ2022 ጥናት መሠረት ቢያንስ 233 ሺህ ዓመት ሆኖታል። ሄርቶ ላይ የተገኙት የራስ ቅሎች 160 ሺህ ዓመት አላቸው።

ጭላዳ

ስለ ሰው ሲወራ የሚረሳው ጭላዳ የተባለው ዝንጀሮ ነው። ወገኑ ቴሮፒቴከስ ይባላል። በአንድ ወቅት ከአፍሪካ አልፎ እስከ ስፔንና ሕንድ ተሰራጭቶ ነበር። ከዝርያዎቹ አንዱ፣ ኦስዋልዲ፣ ከዛሬው ጭላዳ በብዙ ይገዝፋል። ሁሉም ጠፍተው አንድ ቀረ፤ እሱም በኢትዮጵያ ደጋ ብቻ ይኖራል። ከዝንጀሮዎች ሁሉ በዋናነት ሣር የሚግጠው እሱ ነው። ቁጭ ብሎ በጣቶቹ ይነጫል፤ ጥርሱም ለዚያ ሥራ የተሠራ ነው። ሐዳር ላይ ድንቅነሽ በነበረችበት ዘመን ዘመዶቹ በአካባቢዋ ይኖሩ ነበር። ዛሬ ሣሩ ወደ እርሻና ወደ ከብት ግጦሽ እየዞረበት ስለሆነ በገደሉ አፋፍ ተወስኗል።