የጓሮ ካክተስ በአዲስ አበባ ዳርቻ

ካክተስ እሾኻም፣ ውኃ በግንዱ የሚያጠራቅምና ድርቅ የሚችል ተክል ነው። በአዲስ አበባ ዳርቻ ጓሮዎች የሚመረጠው ከጉልበት የማያልፈው፣ አካሉ እንደ መዳፍ እየተቀጣጠለ ወደ ጎን የሚሰፋው ዓይነት ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሠፈር ጽጌረዳ ማጠጣት ቅንጦት ነው። ካክተስ ግን የጄሪካን ውኃ አይሻማም።

ስሙ ላይ መግባባት የለም። አንዱ ቁልቋል ይለዋል፣ ሌላው በለስ፣ ችግኝ ሻጩ ደግሞ ካክተስ። የአገራችን ቁልቋል ሲቆረጥ ነጭ ወተት ያወጣል። ወተቱ ዓይን ውስጥ ከገባ ክፉኛ ይጎዳል። መልኩ ቢመሳሰልም ከካክተስ ጋር ዝምድና የለውም። አብዛኛው ካክተስ ወተት የለውም፤ እሾኹም የሚወጣው እንደ ጥጥ ከለሰለሰች ትንሽ ነጥብ ላይ ነው። የካክተስ ወገን መነሻው አሜሪካ ሲሆን፣ በአፍሪካ በተፈጥሮ የሚገኘው አንድ ዝርያ ብቻ ነው። የመጽሐፍ ቅዱሱ በለስም ሌላ ዛፍ ነው። ይህ መደባለቅ የእኛ ብቻ አይደለም። የዕፅዋት ሊቁ ሊኒየስ በ1753 እ.ኤ.አ. እኛ በለስ የምንለውን ፍሬው የሚበላ ካክተስ ሲሰይም «ፊከስ ኢንዲካ» ብሎታል፤ የህንድ በለስ እንደ ማለት ነው። ህንዳዊም አይደለም፣ በለስም አይደለም። አገሩ ሜክሲኮ ነው።

ወደ አገራችን የገባው በ19ኛው ክፍለ ዘመን በካቶሊክ ሚሲዮናውያን እጅ እንደሆነ ይነገራል። ከዚያ ወዲህ ያለው ታሪክ በአብዛኛው የትግራይ ገበሬ ታሪክ ነው። ገበሬው ተክሉን አጥር አደረገው። በበጋ እሾኹን አቃጥሎ ለከብት አበላው። ፍሬው የሚደርሰው በክረምት፣ ጎተራው ሲራቆትና አዲሱ እህል ገና ሳይደርስ ነው። ስለዚህ ለብዙ ቤተሰብ የሐምሌና የነሐሴ ምግብ ሆነ። አዲስ አበባ ላይ በክረምት በየመንገዱ እየተላጠ የሚሸጠው በለስም ይኸው ነው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ደግሞ ኮቺኒል የምትባለው ነፍሳት ለቀይ ቀለም ምርት ተብላ ወደ ትግራይ ገባች። ቀለሙ ለምግብና ለሊፒስቲክ ይውላል። ነፍሳቷ ግን ከታሰበላት ቦታ ወጥታ ተዛመተች። በተለይ በደቡብ ትግራይ ብዙ በለስ አደረቀች። መቶ ዓመት ያለፈው ባለውለታ በራሳችን እጅ ሲጠቃ ማየት ያናድዳል።

በአዲስ አበባ ዳርቻ ተክሉ የሚስፋፋው ጎረቤት ለጎረቤት በሚሰጠው ቁራጭ ነው።

እዚህ የካክተስ ጠላት ድርቅ ሳይሆን ክረምት ነው። ከተማው በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ያገኛል፤ አብዛኛውም ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርዳል። በአቃቂና በቦሌ አራብሳ በኩል ያለው አፈር ደግሞ ጥቁር መረሬ ነው። በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ውኃ ይዞ አይለቅም። እኔ መጀመሪያ የተከልኳቸው ሦስቱ ነሐሴ ሳያልቅ ከሥራቸው በስብሰው ወደቁ። ጥፋቱ የራሴ ነበር፤ አዝኜላቸው ውኃ ጨምሬባቸዋለሁ! በእንጦጦ ግርጌ ያለው ቀይ አፈር ይሻላል።

መፍትሔው ከፍ ያለ መደብ ነው። ከቤት ግንባታ የተረፈ፣ ሬድ አሽ የሚባለው ቀይ ጠጠር እዚህ ሠፈር ሞልቷል። እሱን ከአሸዋና ከጥቂት አፈር ጋር ቀላቅሎ ሁለት ስንዝር ያህል ከፍ ማድረግ ነው። ውኃው ሳይቆም ያልፋል። ለካክተስ ከዚህ የሚሻል መደብ አላየሁም። በገንዘብ የሚገዛው የፖት አፈር እንኳ አያክለውም።

ቁራጩ እንደተቆረጠ አይተከልም። ጥላ ውስጥ አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ይቀመጥና ቁስሉ ይደርቃል። ከዚያ ሲሶው ያህል ተቀብሮ ይቆማል። ለመጀመሪያው ሳምንት ውኃ አይነካውም። ጥሩው ጊዜ ጥቅምት ነው፤ ዝናቡ ቆሟል፣ ፀሐዩ ወጥቷል፣ ሥር ለመስደድ ረጅም በጋ ይቀረዋል። በበጋ በሁለት ሳምንት አንዴ ማጠጣት ይበቃል። የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ብርድ በሱሉልታ በኩል ይጠነክራል። ለስላሳ አዲስ ቅጠሉን ውርጭ ሊያጠቁረው ይችላል። በነገራችን ላይ ቅጠል የምንለው ግንዱ ነው፤ እውነተኛው ቅጠል ወደ እሾኽነት ተለውጧል። ቀን ቀዳዳዎቹን ዘግቶ ሌሊት ስለሚተነፍስም ውኃ አያባክንም።

ትልቁ እሾኽ ይታያል፣ ትንሹ ነው የሚያስቸግረው። በየነጥቡ ሥር እንደ ፀጉር የቀጠኑ፣ ጫፋቸው መንጠቆ የሆነ እሾኾች አሉ። ሲነኩት ረግፈው ቆዳ ውስጥ ይገባሉ። ቁራጩን በታጠፈ ጋዜጣ ይዞ ማንሳት ይረዳል። ከገቡ በኋላ ስኮች ለጥፎ መንቀል፣ ለቀሩት ወረንጦ መጠቀም ነው። ልጆች በባዶ እግር የሚሮጡበት በር አጠገብ ባይተከል ይመረጣል።

ተክሉ ላይ የጥጥ ብናኝ የመሰለ ነጭ ነገር ከታየ በጣት ጨፍልቆ ማየት ነው። ቀይ ከወጣ ያቺው ኮቺኒል ናት። የሳሙና ውኃ በቡሩሽ ማሸት፣ የባሰበትን ክፍል ቆርጦ ማስወገድ ያስፈልጋል።

የተቆረጠው ግን ቦይ ውስጥ አይጣልም። አንድ ቁራጭ የወደቀበት ቦታ ሥር ይሰዳል። በኬንያ ላይኪፒያ አንዱ ዝርያ የግጦሽ መሬቱን የወረረው ሰው ለአጥርና ለጌጥ ካመጣው በኋላ ነው። እዚህ ሠፈር ቁራጩን በማዳበሪያ ከረጢት አስሮ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ማሰንበት ይሠራል፤ በሚያዝያ ፀሐይ ጠውልጎ ያልቃል።