«ሥሩ አፈሩን ይይዘዋል» ለምትሉኝ ሁሉ

ሥራዬ ትንንሽ የመስኖ ግድቦችን ማየት ነው። አሮጌ የአፈር ግድብ ጋ በሄድኩ ቁጥር አንድ ሰው አይጠፋም፤ የግድቡ ጀርባ ላይ የበቀለውን ዛፍ በኩራት እያሳየ «ሥሩ እኮ አፈሩን ጥርቅም አድርጎ ይዞታል» የሚለኝ። ሰለቸኝ!

ለተራራ ዳገት እሺ። ግድብ ግን ቀን ከሌት ውሃ የሚገፋው ነገር ነው። ሥሩ እርጥበት ፍለጋ ወደ ውስጥ ይሰዳል። ዛፉ ሲሞት ሥሩ ይበሰብስና በቦታው ክፍት መንገድ ይቀራል። ውሃ ያንን መንገድ ካገኘ አፈሩን በጥቂት በጥቂቱ እያጠበ ይወጣል፤ ቀዳዳው ይሰፋል። ነፋስ ዛፉን ከነሥሩ ከገነደሰው ደግሞ የግድቡን ጎን ቦጭቆት ነው የሚወድቀው።

አንዴ ከዓመታት በፊት የተቆረጠ ዛፍ ጉቶ አጠገብ ቀጭን ብረት ሰደድኩ። ሳልገፋው እስከ ክርኔ ገባ። ሳወጣው ጫፉ ላይ ጥቁር፣ እርጥብ ብስባሽ ይዞ መጣ። ባለቤቱ «ቆርጬዋለሁ እኮ!» አለኝ። ቆርጦታል፤ ሥሩን ግን ማን ያውጣው?

ስለዚህ መጥረቢያ ይዛችሁ አትሩጡ። ችግኝ ሳለ ንቀሉት። ትልቁን ግን ውሃው ዝቅ ባለበት ጊዜ፣ ባለሙያ ባለበት፣ ከነዋና ዋና ሥሮቹ አውጡት። ጉድጓዱን በስስ በስሱ አፈር እየሞላችሁ ጠቅጥቁት። ግድብ ላይ የሚያምረው አጭር ሣር ነው። ሲታጨድ አይጥና ጃርት የቆፈሩትም ይታያል።

«ትንሽ ማንጠባጠብ ያለ ነው» የሚሉም አሉ። ግማሹ እውነት ነው፣ የአፈር ግድብ ሁሉ ውሃ ያሰርጋል። በብርጭቆ ቅዱና አስቀምጡት። ከጠራ መጠኑን እየመዘገባችሁ ተከታተሉ። ከደፈረሰ ግድቡ ከውስጥ እየተበላ ነው፤ ያኔ ባለሙያ ጥሩ፣ ከታች ላሉትም ንገሩ።

«ውሃ እንዲጠራቀም ማስተንፈሻውን በጆንያ ትንሽ እንዝጋው።» እባካችሁ! ማስተንፈሻ እኮ ትርፍ ውሃ በግድቡ አናት እንዳይፈስ የሚወጣበት መንገድ ነው። አሜሪካ፣ ፔንሲልቬንያ ውስጥ የሳውዝ ፎርክን አሮጌ የአፈር ግድብ አናት ለሠረገላ መንገድ ብለው ዝቅ አደረጉት። ማስተንፈሻው ላይ ዓሣ እንዳያመልጥ ወንፊት ገጠሙበት። በ1889 እ.ኤ.አ. ከባድ ዝናብ መጣ፣ ወንፊቱ በግንድና በቅጠል ተደፈነ፣ ውሃው በአናቱ ፈሰሰ። ከ2,200 በላይ ሰው አለቀ።

«አርባ ዓመት የቆመ ግድብ ምን ይሆናል?» በሆዱ የሚያልፈው የብረት ቱቦም አብሮት አርባ ዓመት ሞልቶታል። ዝጎ ሲበሳ በዙሪያው ያለው አፈር በውስጡ እየታጠበ ያልቃል። አናቱ ላይ፣ በቱቦው መስመር፣ ድስት የሚያክል ስርጉድ ካያችሁ «ከብት ረግጦት ነው» ብላችሁ አትለፉት።