በአዲስ አበባ ዳርቻ የድሮ ሙዚቃን የማዳመጥ ልማድ

በአዲስ አበባ ዳርቻ ባሉ ሰፈሮች፣ በተለይም በአያት፣ በሰሚት፣ በጀሞ፣ በገላን፣ በየካ አባዶና በቱሉ ዲምቱ፣ በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) የወጡ ዘፈኖችንና የጃዝ ሥራዎችን ረጋ ብሎ የማዳመጥ ልማድ አለ። ልማዱ ደንብም ሆነ አባልነት የለውም። ማረፊያው አብዛኛውን ጊዜ ከኮንዶሚኒየም ሕንፃ ሥር ያለ ግሮሰሪ ነው፤ አንዳንዴም የሸክላ፣ ማለትም የድሮ የሙዚቃ ዲስክ፣ ሰብሳቢ የሆነ ሰው ሳሎን ይሆናል። መብራቱ ደብዘዝ ይላል። የድምፁ መጠን ሁለት ሰዎች ሳይጯጯኹ እንዲያወሩ በሚያስችል ልክ ይወሰናል። ጠረጴዛው ላይ ድራፍት ወይም ጂን በቶኒክ ይቀመጣል፤ ጭፈራ የለም። ሳክስፎኑ ሲገባ ግን ወሬ ይቆማል፤ ይህ ያልተጻፈ ሕግ ነው።

አመጣጥ

ከአድዋ ድል በኋላ ከሩሲያ የነሐስ የሙዚቃ መሣሪያዎች ለዳግማዊ አጼ ምኒልክ ቤተ መንግሥት እንደ መጡ ይነገራል። ይበልጥ የጠራው ታሪክ የሚጀምረው ግን በ1916 ዓ.ም. ነው። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌምን ሲጎበኙ አርባ ወላጅ አልባ አርመናውያን ወጣቶች የነሐስ ሙዚቃ ሲጫወቱ ሰምተው ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው። “አርባ ልጆች” ተብለው የሚታወቁት እነዚህ ናቸው። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን በኋላ “ኢትዮጵያ ሆይ ደስ ይበልሽ” የሚለውን የንጉሠ ነገሥቱን መንግሥት መዝሙር ዜማ ደረሰ።

ዳርቻው በዚህ ታሪክ ውስጥ ስሙ ቀድሞ የሚነሳው በአቃቂ ነው። ዛሬ የከተማዋ አካል በሆነው አቃቂ የሬዲዮ ጣቢያ በ1927 ዓ.ም. ተመርቋል። የአቃቂ ሰዎች ይህን በኩራት ያነሱታል፤ ኩራታቸውም ተገቢ ነው። በዚያው ዓመት ሀገር ፍቅር ተመሠረተ፤ ቀጥሎ የጣሊያን ወረራ መጣ።

ከነፃነት በኋላ ሙዚቃው በወታደር ቤት አደገ። የክቡር ዘበኛ፣ የፖሊስና የምድር ጦር ባንዶች በሳክስፎን፣ በትሮምቦንና በትሩምፔት የተሞሉ ትልልቅ ቡድኖች ነበሩ። ለእነዚህ ቡድኖች መሠልጠን የኬቮርክ የወንድም ልጅ ኔርሴስ ናልባንዲያን የደከመውን ያህል የደከመ ሰው ማግኘት ይከብዳል። የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር በ1948 ዓ.ም. ሲከፈትም የሙዚቃ ክፍሉን ያደራጀው እርሱ ነው። ጥላሁን ገሠሠ ከክቡር ዘበኛ ወጣ፤ የታኅሣሥ 1953ቱ መፈንቅለ መንግሥት ሲከሽፍም ከታሰሩት አንዱ ነበር። ማሕሙድ አሕመድ ጫማ ሲጠርግ ያደገ ልጅ ነው። የክቡር ዘበኛ ሙዚቀኞች ይጫወቱበት በነበረው በአሪዞና ክለብ በተላላኪነት ሲሠራ አንድ ቀን መድረክ ላይ ወጥቶ ዘፈነ፤ ከዚያ በኋላ ለአሥርት ዓመታት አልወረደም።

የሸክላው ዘመን

ከ1961 እስከ 1967 ዓ.ም. ያለው ጊዜ የአድማጮቹ እውነተኛ ቤት ነው። ከዚያ በፊት ሙዚቃ የማሳተም መብት በመንግሥት እጅ፣ በሀገር ፍቅር በኩል፣ የተያዘ ነበር። ወጣቱ ነጋዴ አምሃ እሸቴ ይህን ጥሶ በ1961 ዓ.ም. አምሃ ሪከርድስን አቋቋመ። በአገር ውስጥ ማተሚያ ስላልነበረ ሸክላዎቹ በመጀመሪያ በህንድ፣ በኋላም በሊባኖስ ይታተሙ ነበር። አምሃ እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ 103 ባለ 45 ዙር (በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞሩ) ሸክላዎችንና 12 አልበሞችን አወጣ። ዓለማየሁ እሸቴን፣ ሙሉቀን መለሰን፣ ግርማ በየነንና ሌሎችንም ሕዝቡ እቤቱ ያስገባው በእነዚህ ሸክላዎች ነው። ካይፋ ሪከርድስና ፊሊፕስም ተከትለው ገቡ።

ባለ 45 ዙር ሸክላ በአንድ ገጹ የሚይዘው ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ የሚሆን ሙዚቃ ነው። ይህ እጥረት ለሙዚቃው ጠቀመ ብሎ መናገር ይቻላል። መግቢያው አጭር ነው፤ ኦርጋኑና ነሐሱ ወዲያው ሜዳውን ይይዛሉ፣ ድምፃዊው ይገባል፣ በመሃል ሳክስፎን አንድ ዙር ይወስዳል፣ ያልቃል። የተረፈ ነገር የለበትም። ከሥር ያለው ምት አንዳንዴ ማምቦና ቻቻ፣ አንዳንዴ የአሜሪካ ሶል ነው፤ ላይኛው ዜማ ግን ከአራቱ የአገራችን ቅኝቶች፣ ከትዝታ፣ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺሆዬ፣ አይወጣም።

በ1936 ዓ.ም. በጅማ የተወለደው ሙላቱ አስታጥቄ በመጀመሪያ በዌልስ፣ ቀጥሎ በለንደን ተምሮ ቦስተን በሚገኘው በርክሊ የሙዚቃ ኮሌጅ የገባ የመጀመሪያው አፍሪካዊ ተማሪ ነው። በአምስት ድምፅ የቆመውን የአገራችንን ቅኝት ከአሥራ ሁለት ድምፆች ኅብረ ዜማ ጋር አስማምቶ ኢትዮ ጃዝን ፈጠረ። አንዳንዶች ከእርሱ በፊት የኔርሴስ ቅንብሮች መንገዱን ከፍተው ነበር ይላሉ፤ ሊሆን ይችላል። ኢትዮ ጃዝ የሚለውን ስምና ድምፅ ለዓለም ያበቃው ግን ሙላቱ ነው፤ ይህ ክርክር አያስፈልገውም። ኅዳር 1966 ዓ.ም. ዱክ ኤሊንግተን ከነባንዱ አዲስ አበባ መጥቶ ከንጉሠ ነገሥቱ ሜዳሊያ ሲቀበል ሙላቱም አብሮት መድረክ ላይ ነበር። ጌታቸው መኩሪያ ደግሞ ሽለላን በሳክስፎን የተጫወተ ሰው ነው። እርሱን ያልሰማ፣ የድሮ ሙዚቃ አውቃለሁ ባይል ይሻለዋል።

ከ1966 ዓ.ም. በኋላ የሰዓት እላፊ መጣ። አንዳንድ የምሽት ቤቶች እንግዳውን አስገብተው በራቸውን ይቆልፉና እስኪነጋ ያጫውቱ ነበር። ሸክላ ቆመ፤ ካሴት ተተካ። አምሃ አገር ለቆ ወጣ፤ ዋልያስ ባንድ አሜሪካ ሄዶ ግማሹ እዚያው ቀረ።

ወደ ዳርቻው

እነዚያ ሸክላዎች ሲታተሙ አያትና ጀሞ የእርሻ ማሳ ነበሩ። ሙዚቃው የፒያሳ፣ የውቤ በረሃና የካዛንቺስ ነበር። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በዳርቻው የጋራ መኖሪያ ቤቶች ሲገነቡ፣ በኋላም የመሃል ከተማ ነባር ሰፈሮች በልማት ሲነሱ፣ ሰው ዕቃውን ጭኖ ወጣ። ከአልጋውና ከቁም ሳጥኑ ጋር ግራማፎኑና የሸክላ ካርቶኑም ተጫነ። ጥር 2007 ዓ.ም. በጣይቱ ሆቴል የደረሰው ቃጠሎ በውስጡ የነበረውን የጃዝ ቤት ጃዝአምባን ወስዷል፤ ከዚያ ወዲህም የመሃል ከተማው የምሽት ሙዚቃ ብዙ ነባር ቦታዎቹን አጥቷል። ስለዚህ የድሮው አዲስ አበባ ድምፅ ዛሬ በብዛት የሚገኘው አዲሶቹ ሰፈሮች ውስጥ ነው ቢባል ማጋነን አይደለም።

ወጣቶቹ የመጡት ግን በሌላ በር ነው። ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለ ፈረንሳዊ “ኤትዮፒክስ” የተሰኙትን ተከታታይ ሲዲዎች እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ ባያወጣ ኖሮ ብዙው ቅጂ ተረስቶ ይቀር ነበር። የእኛ ሙዚቃ በፓሪስ በኩል ዞሮ ጀሞ መድረሱ ሊያሳዝን ይችላል፤ መድረሱ ግን ትልቅ ነገር ነው።

አደማመጥ

አብዛኛው ቤት የሚያጫውተው ከፍላሽ ወይም ከስልክ ነው። ሸክላ ያላቸው ጥቂቶች ናቸው፤ እነርሱም የዳርቻውን ሁለት ጠላቶች ያውቃሉ፦ አቧራና የሚዋዥቅ መብራት። ከጥር እስከ የካቲት ካልተነጠፈው መንገድ የሚነሳው አቧራ የሸክላው ጎድጎድ ውስጥ ይገባና እንደሚጠበስ ሽንኩርት ይንጫጫል። ሸክላው በለስላሳ ጨርቅ የሚጠረገው ጎድጎዱን ተከትሎ በክብ እንጂ ከመሃል ወደ ጠርዝ አይደለም። እንደ መጽሐፍ ቆሞ ይቀመጣል፤ ተጋድሞ ከተደራረበ ወይም ፀሐይ ካገኘው ይጎብጣል። የባለ 45 ዙሩ ቀዳዳ ሰፊ ስለሆነ መሃሉ ላይ የሚገጠም ማስገቢያ ያስፈልገዋል፤ የጠፋበት ሰው ከጠንካራ ካርቶን ቆርጦ ይሠራል። ማስገቢያው በትንሹ እንኳ ከመሃል ከሳተ የብዙነሽ በቀለ ድምፅ እንደ ሰከረ ሰው ይወዛወዛል።

የውጭ ሙዚቃም ቦታ አለው። ናት ኪንግ ኮል፣ ኤላ ፊትዝጄራልድና ጂም ሪቭስ ከምሽቱ አንድ ሰዓት አካባቢ፣ ሰው ገና ሲሰበሰብ፣ ይደመጣሉ። ሁለት ሰዓት ሲሆን ጥላሁንና ማሕሙድ ይገባሉ፤ ማንን ማስቀደም እንደሚገባ የሚደረገው ክርክር እስካሁን አልተፈታም። ወደ ሦስት ሰዓት ተኩል ወደ መሃል ከተማ የሚመለሱት እንግዶች ታክሲ እንዳያመልጣቸው ይነሳሉ። ባለቤቱ ያን ጊዜ ቃል የሌለበት፣ በመሣሪያ ብቻ የተጫወተ ትዝታ ያደርጋል፤ ኮታቸውን የለበሱትም በሩ ላይ ቆመው ይጨርሱታል።