ኢምፕላንት ምንድን ነው? ጥርሱ አይደለም!

ሰሞኑን አንዱ ቪዲዮ ላይ «ኢምፕላንት የሁለት ሰዓት ሥራ ነው፤ አስተክለህ ቤትህ ትገባለህ፣ ከዚያ ዕድሜ ልክህን አታስብም» እያለ ሲያስረዳ ሰማሁ። ለምጄው ነበር። አሁንስ በዛ።

አዳማ ውስጥ ጥርስ የምንሠራ ሰዎች ነገሩን በየቀኑ እናየዋለን። ታካሚው ይመጣና «ኢምፕላንት አለኝ» ይላል። አፉን ሲከፍት ግራና ቀኝ ያሉት ደህና ጥርሶች ተሞርደው በእነሱ ላይ የተደገፈ ብሪጅ (ድልድይ ጥርስ) ነው። ሌላዋ «ኢምፕላንቴ ተሰበረ» ብላ ከቦርሳዋ በሶፍት የተጠቀለለ ተነቃይ ጥርስ ታወጣለች። ጥርስ ያስተከለ ሁሉ ኢምፕላንት አስገባሁ ይላል። ስሙን ማሳሳቱ ብቻ ቢሆን ዝም ባልኩ ነበር፤ ችግሩ ዋጋውንም፣ ጊዜውንም፣ እንክብካቤውንም የሚያሰላው በዚያ ስም መሆኑ ነው።

ኢምፕላንት መንጋጋ አጥንት ውስጥ የሚገባው ብሎን ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከታይታኒየም ይሠራል። ስትስቁ የሚታየው ነጩ ክራውን ነው፤ ሁለቱን የሚያገናኘው ደግሞ አባትመንት ይባላል። ስለዚህ «የኢምፕላንት ዋጋ» ሲነገራችሁ ሦስቱም ይካተቱ እንደሆነ ጠይቁ። ብሎኑን ብቻ ዋጋ ጠርቶ ክራውኑ ላይ የሚያስደነግጥ አለ።

ቤት የሠራ ሰው ይገባዋል። አዳማ ደግሞ ቤት ያልሠራ ቢኖር እንኳ ጎረቤቱ አሸዋ ደጁ ላይ ያልደፋበት የለም። ኢምፕላንቱ መሠረቱ ነው፣ አባትመንቱ ኮለኑ፣ ክራውኑ ከላይ ያለው ክፍል። መሬቱ አጥንታችሁ ነው። አፈሩ ልል ከሆነ ግንበኛው ዝም ብሎ አይቆፍርም፤ እኛም ራጅ፣ ሲያስፈልግም ሲቲ አንስተን አጥንቱ ስንት ሚሊሜትር እንደቀረ፣ የታችኛው መንጋጋ ነርቭ የት እንደሚያልፍ፣ ላይኛው ጋ ሳይነስ የሚባለው የአየር ክፍተት ምን ያህል እንደወረደ እናያለን። ከጎደለ አጥንት ይጨመራል። ጥርሱ ከተነቀለ ዓመታት ካለፉ ደግሞ ብዙ ጊዜ ይጎድላል፣ ምክንያቱም ጥርስ የሌለበት አጥንት እየሟሸሸ ይሄዳል፣ በተለይ በመጀመሪያው ዓመት። ከዚያ አርማታው እስኪደርቅ ይጠበቃል። ሳይደርቅ ካሳፎርማ የሚያነሳ ግንበኛ ታውቃላችሁ፤ መጨረሻውንም ታውቃላችሁ።

ምሳሌው ግን አንድ ቦታ ላይ አይሠራም። መሬት በድን ነው፣ አጥንት ሕይወት አለው። ነገሩ የተገኘውም በዚሁ ነው። ስዊድናዊው ተመራማሪ ፔር-ኢንግቫር ብሮኔማርክ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ጥንቸል አጥንት ውስጥ የታይታኒየም ዕቃ አስገብቶ ሌላ ነገር ሲያጠና፣ ሲጨርስ ዕቃውን ላውጣው ቢል እምቢ አለው። አጥንቱ ይዞታል። ሰው ላይ የሞከረው እ.ኤ.አ. በ1965 ነው። እኛ የምንጠብቀው ያንን መያያዝ ነው፤ እንደ አጥንቱና እንደ ቦታው ብዙ ጊዜ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ይወስዳል።

«በሁለት ሰዓት» ያልከው ወንድሜ፣ ብሎኑን ማስገባቱማ ከዚያም ሊያጥር ይችላል። በዚያው ቀን ጥርስ የሚገጠምበት አሠራርም አለ፣ ብሎኑ አጥንቱን አጥብቆ ከነከሰ። ግን ያ ብዙውን ጊዜ ጊዜያዊ ጥርስ ነው። ለፎቶ ይሆናል፣ ለቆሎ አይሆንም።

«ዕድሜ ልክ» የሚለው ደግሞ ከሁሉም ያናድደኛል። ብረት አይበሰብስም፣ እውነት ነው። ዙሪያው ያለው ድድና አጥንት ግን የናንተው ነው። የተፈጥሮ ጥርስ አጥንቱ ላይ የተያያዘው በቀጫጭን ጅማቶች ነው፤ ጠጠር ስትነክሱ ወዲያው አፋችሁን የሚያስከፍታችሁ እዚያ ያለው ስሜት ነው። ኢምፕላንት ያ ጅማት የለውም። ዙሪያው ቆሻሻ ተጠራቅሞ ድዱ ሲቆጣ፣ ከስሩ አጥንቱ ሲበላ፣ ብዙ ጊዜ ምንም አያምም። ስትቦርሹ ትንሽ ደም ታያላችሁ፣ እሱንም «ብሩሹ ነው» ትሉታላችሁ። ስትመጡ አጥንቱ ተበልቶ ብሎኑ ተራቁቶ ይታያል። ስለዚህ ኢምፕላንት ያለው ሰው ከሌላው ይበልጥ መቦረሽ፣ በየጊዜውም መታየት አለበት። ስኳሩ ያልተስተካከለ፣ ጫት ላይ ተቀምጦ ሲጋራ በሲጋራ የሚለኩስ ሰው ይበልጡኑ። ለአጥንት መሳሳት ወይም ለካንሰር የአጥንት መርፌ የወሰዳችሁም ሳትጠየቁ ንገሩን። ዕድገቱን ላልጨረሰ ልጅ ደግሞ አይደረግም፤ መንጋጋው ሲያድግ ኢምፕላንቱ ባለበት ይቀራል።

ጥርስ ጨርሶ ለሌላቸው እናቶችና አባቶች «ሃያ ስምንት ኢምፕላንት» የሚል ወሬም አለ። ማንም አያደርገውም። የታችኛው ዴንቸር (ሙሉ ተነቃይ ጥርስ) ምላስ ሲገፋው ይነሳል፣ እማማም ለቅሶ ቤት እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ነው የሚያወሩት። ፊት ለፊት ሁለት ኢምፕላንት ሲገባ ዴንቸሩ እላያቸው ላይ ቀጭ ብሎ ይቆለፋል፤ ማታ ወልቆ ይታጠባል። እ.ኤ.አ. በ2002 በካናዳ ማክጊል ዩኒቨርሲቲ የተሰባሰቡ ባለሙያዎች ለታችኛው መንጋጋ መጀመሪያ ሊታሰብ የሚገባው ይህ ነው ብለዋል። በአራት ወይም በስድስት ኢምፕላንት ላይ ታስሮ የማይወልቀው ሌላ ነው፣ ዋጋውም ሌላ። የሚቆለፈው ውስጥ ያለችው ትንሽ ፕላስቲክ ታልቃለች፣ ትቀየራለች። ያኔ «ተበላሸብኝ» ብላችሁ አትደንግጡ።

ከወንጂና ከመተሃራ አካባቢ የሚመጡ ወጣቶች ጉዳይ ደግሞ አለ። ጥርሳቸው ከውሃው ፍሎራይድ የተነሳ ቡናማ ነው። «ሁሉንም ነቅላችሁ ኢምፕላንት አድርጉልኝ» ይላሉ። እምቢ ስል ይናደዳሉ። ቀለሙ የሚያስጠላችሁ ጥርስ ስሩ ጤነኛ ነው! የተሸራረፈም ቢሆን በቬኒር (ከፊቱ በሚለጠፍ ስስ ሽፋን)፣ ሲብስም በክራውን ይሸፈናል። እያለ የሚነቀል ጥርስ በምንም ኢምፕላንት አይካካስም።

ሌላ ደግሞ ማንም የማይነግራችሁ ነገር፦ ስትጨርሱ የኢምፕላንቱን ስምና መጠን የያዘ ካርድ ተቀበሉ። የየኩባንያው ብሎን መፍቻ ይለያያል። ውጭ አገር አስተክሎ ለበዓል የመጣ ሰው ክራውኑ ሲነቃነቅበት ይመጣል፣ «የማን ነው?» ስንለው አያውቅም፣ ያሉንን መፍቻዎች አንድ በአንድ ስንሞክር እንውላለን። አንዱም ካልገባ ክራውኑን ከላይ መብሳት ነው፤ አንዳንዴም መስበር።