የባሕር «የሞተ ቀጣና» ምንድን ነው?

ሰሞኑን አንድ ሰው የሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤን የሳተላይት ፎቶ ለጥፎ «ያ አረንጓዴው ነው የሞተው ቀጣና» ሲል አየሁ። እሱ ብቻ ቢሆን በዝምታ ባለፍኩት። ያው ፎቶ ግን በየዓመቱ ይመለሳል።

ወዳጄ፣ ኦክስጅን ቀለም የለውም። አረንጓዴው አልጌ ነው፤ ቡናማው ሚሲሲፒ ወንዝ ያመጣው ደለል። ችግሩ ያለው ከታች፣ ወለሉ አጠገብ ነው። እዚያ በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ የሟሟው ኦክስጅን ከ2 ሚሊግራም ሲያንስ ሃይፖክሲያ (የኦክስጅን እጥረት) እንላለን፤ «የሞተ ቀጣና» የሚባለውም ይኸው ነው። በዚያው ሰዓት ላይኛው ውሃ 6 ወይም 7 ሊኖረው ይችላል፤ ዓሣውም ይዋኝበታል።

በሩ ተዘግቶ ከሰል የተቀጣጠለበትን ቤት አስቡ። ከሰሉ፣ ሞቶ ወደ ታች የወረደው አልጌ ነው፤ ባክቴሪያ ሲያበሰብሰው ኦክስጅኑን ይጨርሳል። (ከሰል ሰው የሚገድለው በካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፤ እሱን ለጊዜው ተዉት።) የተዘጋው በር ደግሞ ጨዋማው ላይ የተኛው ቀላል የወንዝ ውሃ ነው። ሳተላይቱ የሚያየው ቆርቆሮውን ብቻ ነው። ውስጡን ለማወቅ መግባት ያስፈልጋል።

የሚገባው ኦክስጅን የሚለካ ሴንሰር ነው። ጫፉ ላይ ልዩ ቀለም የተቀባ ትንሽ ቆብ አለ። ሰማያዊ ብርሃን ሲያርፍበት ቀይ ያበራል፤ ኦክስጅን ሲበዛ ብርሃኑ ይደክማል። ሞቃት ውሃ ውስጥ ለሳምንታት ከተተወ ግን ዝልግልግ የረቂቅ ተሕዋስያን ሽፋን ይለብሳል። ያኔ የሚለካው ባሕሩን ሳይሆን የዝልግልጉን ትንፋሽ ነው። ሴንሰሩ መቼ እንደጸዳ ያልተጻፈበትን ዳታ እኔ አላምንም።

የሞተው ቀጣና ምን ያህል እንደሚሰፋ በየዓመቱ የሚተነብየውን ሞዴል «ውሸታም ነው» የሚሉም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2020 ትንበያው 17 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር፤ ጁላይ መጨረሻ ላይ የተለካው 5,500 ገደማ። ታዲያ ዋሸ? ትንበያው በጁን የሚወጣው በዋነኛነት ወንዙ በሜይ ካወረደው፣ አልጌውን ከሚመግበው ናይትሮጅን ተነስቶ ነው። ስንት ከሰል እንደገባ ያውቃል፤ በሩን ማን መቼ እንደሚከፍተው ከየት ይወቀው? በዚያ ዓመት ሃና የተባለችው አውሎ ነፋስ፣ የምትለካው መርከብ ሳትደርስ በሩን ከፈተችው፤ ላይና ታቹ ተደባለቀ።

ደግሞ «የተለካ» ሲባል እያንዳንዱ ካሬ ኪሎ ሜትር ተለካ ማለት አይደለም። መርከቧ ጣቢያ በጣቢያ እየቆመች ሳምንት ያህል ትጓዛለች፤ በጣቢያዎቹ መካከል ያለው በስሌት ይሞላል። በ1985 ልኬቱ ከተጀመረ ወዲህ ትልቁ የሆነው የ2017ቱ 22,730 ካሬ ኪሎ ሜትርም የተገኘው በዚሁ መንገድ ነው።